ደረስን ያልንበት ጫፍ

የሞጣ ሰው «ደረስን» ካላችሁ አትመኑት። ይህን የምለው ጠልቻቸው አይደለም። ከነሱ ተጋብቻለሁ፣ ከነሱ ወልጃለሁ፣ ሽበቴንም ያበቀልኩት እነሱው መካከል ነው። ግን የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ቢቸና ደግሞ ሰው ከፊደል በፊት ሐሜት ይቆጥራል፤ የማውቀውን ካልተናገርኩ ያመኛል።

የዚችን «ደረስን» የምትባል ቃል ጠባይ ያወቅኩት ተራራ ላይ ነው። ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የከፍታ መስመሮችን እየሳልኩ፣ «መስመሮቹ ሲጠጋጉ አቀበቱ ይብሳል፤ መካከል ላይ ያለችው ትንሿ ክብ ጫፉ ናት» እያልኩ የጠመኔ ብናኝ ስውጥ ነው የኖርኩት። ይህን የምታስተምር ሴት በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከጫፉ በታች ቆማ «ጫፉ ላይ ወጣን» እያለች እልል ስትል ኖረች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እመኑ። እልልታዬም የሚያምር ነበር።

ተራራው ከሞጣ ወደ ደቡብ ሲሄዱ፣ ጮቄ ትከሻ ላይ ከተሰደሩት አንዱ ነው። ስሙን አልናገርም፤ ብናገር ነገ ጠዋት ሄዶ ፎቶ የሚነሣበት አይጠፋም። ትልልቆቹን ተራሮች አገር ያውቃቸዋል፤ ፈረንጅም ይሄድባቸዋል። ይኼኛውን ግን ዝናብ መጣ አልመጣ ለማለት ቀና ከሚል ገበሬ በቀር ዞር ብሎ የሚያየው የለም። መንገዱን ለማስረዳት ቀላል ነው። መኪና እስከሚገባበት መንደር በመኪና ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ በገብስና በድንች ማሳ መካከል በእግር፤ ከዚያ ወንዟን በድንጋይ ላይ እየዘለላችሁ ተሻግራችሁ አስታ ከሚባለው ቁጥቋጦ ደን ውስጥ ትገባላችሁ። የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ «እዚችው ናት፣ ምን አላት!» ይላችኋል። ያቺ «እዚችው» የጫማ ሶል ትበላለች። አስታው ሲያልቅ የጓሳ ሣርና እንደ ምሰሶ የቆመ ጅብራ ይመጣል፤ ነፋሱም ከዚያ ይጀምራል። ከጓሳው በላይ ሰፊ ጉብታ አለ፤ ደልዳላ፣ ለመቀመጥ የሚመች፣ ዳቦ ሊቆረስበት የተፈጠረ። ከጉብታው ወዲያ መሬቱ ዝቅ ይልና እንደገና ይነሣል፤ ዓለት በዓለት ላይ ተደራርቦ ሽቅብ ይወጣል። ጫፉ ያ ነው። ዓይን ያለው ሰው አይስተውም።

ሌላ አገር ሰው ተራራ ልውጣ ሲል የጫማውን ክር ያጠብቃል። ሞጣ ግን መጀመሪያ ማኅበር ይመሠረታል። ማኅበር ካለ ጠላ አለ፤ ጠላ ካለ ዳቦ ይኖራል፤ ይህ ሁሉ ካለ ደግሞ አለቃ ያስፈልጋል። የጽዋ ማኅበር አለቃ ሙሴ እንደሚባለው፣ ለተራራውም ማኅበር ሙሴ ተሾመ። ሙሴያችን አማቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ዳኛ። ችሎት ላይ ሳሉ አንዴ የተናገሩት አይመለስም ነበር ይባላል፤ ጡረታ ሲወጡ ችሎቱን ለመንግሥት ትተው ጠባዩን ይዘውት ወጡ። የቀሩት አባላት ሦስት ናቸው። አንዱ ባሌ ነው፤ የሳቸው የበኩር ልጅ፣ ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴ። ሁለተኛው እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው። ሦስተኛው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሞጣ ገበያ ላይ የነገዱ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ፣ ጨርቃ ጨርቅ ሻጭ፤ መኪናዋም የሱ ናት። ማኅበሩ የማንም ታቦት ስላልሆነ በዚህ የተቸገረ የለም፤ እኛ ጠላችንን፣ እሱ ቴምሩንና ሻዩን ይዞ ይመጣል። እኔ አባል አልነበርኩም። እኔ የዳቦ ተሸካሚ ነበርኩ። ማኅበሩ ሲመሠረት «ድፎውን ማን ያመጣል?» ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ፤ ምርጫዬ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

የማኅበሩ ሥርዓት አጭር ነበር። ከሙሴ ቀድሞ የሚራመድ የለም። ሙሴ ሲያርፉ ይታረፋል። ሙሴ «ደረስን» ሲሉ ተደርሷል፤ ይግባኝ የለውም። ሽማግሌን ቀድሞ መሄድ በኛ አገር ከስድብ ይቆጠራል፤ ሽማግሌው የሚሄደው ወደ ገደል ቢሆን እንኳ በትሕትና ተከትሎ መግባት ነው የጨዋ ልጅ ወጉ።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ማኅበሩ ሲመሠረት የአማቴ ዓይን ደክሞ ነበር። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው፣ ሰውን በድምፁ፣ መንገድን በዱላቸው ነበር የሚለዩት። ይህን ግን በአፉ የሚያነሣ አልነበረም፤ እሳቸውም አያነሡትም፤ እኛም አናነሣም። ዱላቸውን መሬት ላይ እየደቆሱ ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ እኛ ከኋላ። በመጀመሪያው ዓመት አቀበቱን ጨርሰን ጉብታው ላይ ብቅ ስንል፣ ዱላቸው ደልዳላ መሬት ነካ። ቆሙ። ነፋሱ ፊታቸውን መታቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ደረስን!» አሉ።

እኔ ጫፉን አየሁት። ከፊታችን ተገትሯል። አፌን ከፍቼ «አባባ፣ ገና ነው እኮ» ልል ስል ባሌ እግሬን ረገጠኝ። በዋዛ አልረገጠኝም፤ ጥፍሬ ጠቁሮ ከርሟል። ሌሎቹን ዞሬ አየኋቸው፤ የታሪክ መምህሩ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ጨርቅ ነጋዴው ከጫማው ላይ ጭቃ ያራግፋል።

አማቴ በዱላቸው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጠቆሙ፤ ወደ ዓለቱ መሆኑ ነው። «ያቻትና ደብረ ወርቅ! ታየቻችሁ?» አሉ።

«ታየችን!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

«ማርያምስ?»

«ጉልላቷ ሲያብረቀርቅ!» አለ ባሌ።

«ገበያውም ቆሟል» አለ የታሪክ መምህሩ።

ነጋዴው ደግሞ ከሰው ማነስ የማይወድ ሰው ነው፤ «መናኸሪያው ጋ አንድ አውቶቡስ ሰው እያራገፈ ነው» አለ። ወይ ጉድ! ከፊታቸው ያለው ጥቁር ዓለት ነው፤ ዓለት ውስጥ ገበያ አቁመው አውቶቡስ አስገቡበት። አማቴ ፊታቸው በራ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሙሽራዬስ፣ ላንቺስ ታየችሽ?» አሉኝ። ከተጋባን ስንት ዘመን፣ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ሙሽራዬ ነው የሚሉኝ። ምን ልበል? «ታየችኝ፣ አባባ» አልኩ። ውሸት ቢናገሩ ውቃቢ ይርቃል ይባላል፤ የኔ ውቃቢ ያን ቀን ቁልቁል ሳይሮጥ አልቀረም።

ቤት ስንገባ ባሌን ያዝኩት። «አንተ፣ ጫፉ እኮ ፊት ለፊታችን ነበር!»

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? አባባ ደረስን አሉ።»

«ተራራው አልሰማቸውም እኮ!»

«አንቺ ደግሞ» አለኝ፣ «ከተራራ ጋር ነው ከሰው ጋር ነው የምትኖሪው?» እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጡ የሞጣ ሰዎች የረቱ ይመስላቸዋል። ደሜ ፈላ፤ ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ እንደገባኝ ዝምታም ይነቅዛል፤ ተረቱን ያወጣው ሰው እህል ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባልተቃጠልኩ። አማቴ ያን ተራራ የሚወጡት ለእግር ማፍታቻ አልነበረም። ልጅ ሳሉ ደብረ ወርቅ ቅኔ ይማሩ ነበር፤ ለምድ ለብሰው፣ ኮፈዳ ይዘው፣ ቁራሽ እየለመኑ። አንድ ጓደኛ ነበራቸው፤ አብረው የሚለምኑ፣ አንድ ጎጆ የሚያድሩ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ይቺን ጫፍ ከሩቅ ያዩዋት ነበር። አንድ ቀን «እዚያ ላይ ቆመን ወደዚህ እንይ፤ የተራብንበትን አገር ከበላዩ ሆነን እንየው» ተባባሉና ቃል ተገባቡ። ጓደኛው በዚያው ክረምት ታሞ ሞተ። አማቴ ትምህርቱን ትተው ወደ ዘመናዊው ገቡ፤ ዳኛ ሆኑ፤ ወለዱ፤ አረጁ፤ ቃሉ ግን አላረጀላቸውም። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ጉብታው ላይ ቆመው ይነግሩናል። ሲጨርሱ «ተመስገን፤ የሱንም የኔንም ቃል አደረስኩ» ይሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እኛ ደግሞ ዳቦ እንቆርሳለን።

አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ይመዝገብልኝ። «አባባ፣ ደብረ ወርቅ እኮ መንገድ ዳር ናት። ቢቸና ወላጆቼ ጋ ስሄድ አውቶቡሱ እዚያው ይቆማል። ለምን አንድ ቀን አብረን አንሄድም?» አልኳቸው። ቦታዋ ላይ ቢያደርሷቸው የተራራው ነገር ይረሳ እንደሆነ ብዬ ነበር። «ሙሽራዬ» አሉኝ፣ «በመስኮት ማየትና ቃል መፈጸም አንድ ነው? እኔ እኮ ፈጽሜያለሁ፤ አንቺም አይተሻል።» የሰው ዕዳ ሳይከፈል ተከፍሏል ብሎ የመሰከረ ሰው ምን ይባላል? ዳኛው እሳቸው፤ የሐሰት ምስክሮቹ እኛ።

ዓመታት አለፉ። መንገዱ በተዘጋባቸው ዓመታት ቀርተን፣ በተከፈተ ሰሞን እየሄድን፣ ሥርዓቱ እየጠነከረ መጣ። ጉብታው ላይ እያንዳንዳችን ድንጋይ መጣል ጀመርን፤ ክምር ሆነ። በዚያው ከቀጠልን የልጅ ልጆቻችን ክምሩ ላይ ወጥተው እውነተኛውን ጫፍ ቁልቁል ያዩታል ብዬ ባሌን ሳሾፍበት ያኮርፋል። የታሪክ መምህሩ ደግሞ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ያዘ። ጎበዝ ነው፤ ዓለቱ እንዳይታይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚያነሣን። ከሥሩ «ከተራራው አናት» ብሎ ይጽፋል። «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ይጎርፋል። ይባስ ብሎ ከባሌ ሱቅ ቁራጭ ቆርቆሮ ወስዶ፣ በነጭ ቀለም «የተራራው ጫፍ፤ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ጽፎ ክምሩ ላይ ተከለው። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ታሪክ ነው የሚያስተምረው።

ቆርቆሮዋ ደግሞ ጉድ አፈላች። ከባሕር ዳር ድረስ ወጣቶች እየመጡ ቆርቆሮዋ ሥር ቆመው ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ከፊታቸው ያለውን ዓለት ቀና ብሎ ያየ የለም፤ ተጽፏላ! ቢቸና ስሄድ ወንድሜ ፎቶውን ስልኩ ላይ ከፍቶ ጠበቀኝ። «ተራራውን ሞጣዎች ወሰዱት አሉ» አለኝ በቁጭት። «ያ ተራራ እኮ የኛ ነው። ከኛ ጓሮ ይታያል።»

«ወጥተህበት ታውቃለህ?» አልኩት።

«ምን አስወጣኝ? የኛ መሆኑን ለማወቅ መውጣት ያስፈልጋል?» አለ። የሞጣ ሰው ሳይደርስ ደረስኩ ይላል፤ የቢቸና ሰው ሳይነሣ የኔ ነው ይላል። እኔ ከሁለቱ ተወልጄና ተድሬ ጤነኛ መሆኔ ራሱ ይገርመኛል።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው ባሌ አባቱን ባሕር ዳር ወስዶ ሞራውን ያስገፈፈላቸው። ለዚህስ እጁ ይባረክ። ቤት መጥተው የዓይናቸው መሸፈኛ ሲነሣ ሁላችንም ዙሪያቸውን ከብበን ነበር። ዓይናቸውን አርገበገቡ፤ ግድግዳውን አዩ፤ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ እኔን አዩና፣ «ሙሽራዬ! አርጅተሻል እኮ!» አሉ። ሳቅኩም አለቀስኩም። ደስታዬ እውነተኛ ነበር፤ ያን ቀን ያበራው ፊታቸው አንጀቴን በላው። ሁሉንም አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ግን ወደ መስኮቱ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «አሁንስ ደብረ ወርቅን በገዛ ዓይኔ ላያት ነው። ተራራው መቼ ነው?»

የባሌ ወሽመጥ ቁርጥ ሲል በዓይኔ አየሁት።

በማግስቱ ማኅበሩ ያለ ሙሴው ባሌ ሱቅ ውስጥ፣ በቆርቆሮና በሲሚንቶ መካከል ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ሸንጎ አይታችሁ አታውቁም። የታሪክ መምህሩ «ጭጋግ ያለበት ቀን እንምረጥ» አለ። ነጋዴው «ሌላ ተራራ እንውሰዳቸው፤ ተራራ ሁሉ ያው ነው» አለ። ባሌ «ጉልበታቸውን ያማቸው እንደሆነስ?» አለ፤ ተስፋ እያደረገ። እኔ የቆርቆሮ እስር ላይ ተቀምጬ ስሰማ ቆይቼ ሲያንገፈግፈኝ፣ «ለምን አንነግራቸውም?» አልኩ።

«ምን ብለን?»

«አባባ፣ አልደረስንም ብለን።»

«ማን ይንገራቸው?» አለ የታሪክ መምህሩ። ሁሉም ሚስማር ሚስማሩን ማየት ጀመረ። ባሌ የበኩር ልጅ ነው፤ አባቱን አያሳፍርም። ነጋዴው የጎረቤት ልጅ ነው፤ በሰው ቤት ነገር አይገባም። የታሪክ መምህሩ ቆርቆሮዋን የጻፈ ነው። «አንቺ ብትነግሪያቸውስ? ይወዱሻል» አሉኝ በመጨረሻ። ምራት ሆኜ አማቴን «ዕውር ሆነው አታለልንዎት» ልል! ምን ቆርጦኝ። «አንዱ ልጅ ነው፣ አንዱ ጎረቤት ነው፤ ዳቦ ተሸካሚዋ ስትፈለግ ብቻ ትወደዳለች?» ብያቸው ወጣሁ። የኮራሁ መስዬ ነው የወጣሁት እንጂ፣ እውነቱን ካያችሁት እኔም ፈርቼ ነበር።

የማይቀረው ቀን መጣ። አማቴ ጎሕ ሲቀድ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። መንገድ ላይ ያላዩት ነገር የለም። የገብሱን ዛላ ያያሉ፣ ወንዟ ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች ያያሉ፣ አደይ አበባ ሲያዩ ይቆማሉ። ባሌን «ይኼ ቦርጭ መቼ ነው የመጣ?» አሉት፤ ነጋዴውን «ጢምህ ነጥቷል፣ ሳትነግረኝ!» አሉት። አስታው ውስጥ ስንገባ እየሳቁ ነበር። እኔ ግን ከጓሳው በላይ የሚጠብቀንን አውቃለሁ። ዘወር ብዬ ባየው ባሌ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ዝም ያሰኙኝ ሁሉ ሲጋለጡ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ጉብታው ላይ ወጣን። ዱላቸው ደልዳላውን መሬት ነካ። በልማድ ባርኔጣቸውን ለማውለቅ እጃቸውን አነሡና እዚያው ቀሩ። መጀመሪያ ክምሩን አዩ። ቀጥሎ ቆርቆሮዋን አዩ፤ ተጠግተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የክስ ጽሑፍ እንደሚያነቡ አነበቧት፦ «የተራራው ጫፍ፤ እንኳን ደህና መጡ።» ከዚያ ቀና ሲሉ ዓለቱ ከፊታቸው ቆሟል። ብዙ ጊዜ አዩት። ዱላቸውን አንሥተው በየዓመቱ ወደሚጠቁሙበት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጠቆሙ፤ የዱላቸው ጫፍ ዓለቱ ወገብ ላይ አረፈ።

«ያ ምንድን ነው?» አሉ።

የታሪክ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ… ሌላ ተራራ ነው፣ ጌታዬ።»

አማቴ ዞረው አንድ በአንድ አዩን። ዳኝነታቸውን በወሬ ነበር የማውቀው፤ ያን ቀን አየሁት። ማንም ዓይናቸውን መልሶ ማየት አልቻለም። ቁጣ ብጠብቅ ቁጣ የለም፤ እንዲያውም የጠየቁን በለሆሳስ ነው።

«እኔስ ታውሬ ነበር» አሉ። «እናንተስ?»

ባሌ ከሁሉ ቀድሞ ወደ እግራቸው ሊወድቅ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ እንዳያዝኑብን ብለን ነው። ደስ እንዲልዎት…» ትከሻውን ይዘው አቀኑት። «ደስ ብሎኝ ነበር» አሉት። «በየዓመቱ እያለቀስኩ ደስ ብሎኝ ነበር። የሞተውን ልጅ 'አደረስኩልህ' ስለው ነበር።» ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ወደ ዓለቱ መራመድ ጀመሩ። ባሌ «አባባ፣ ጉልበትዎ! ከባድ ነው!» እያለ ሊከተል ሲል ዞር አሉ። «ቁጭ በሉ» አሉ፣ «እናንተ ደርሳችኋል።»

ቁጭ አሉ! ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሦስት ወንዶች፣ «ቁጭ በሉ» ስለተባሉ ቁጭ አሉ። ሽማግሌ ያለው አይሻርማ! እኔ ግን የማኅበሩ አባል አይደለሁ፤ ሥርዓቱ አይዘኝም። ድፎውን ባሌ ጭን ላይ ጣል አድርጌለት ተከተልኩ።

ዝቅ ያለውን አልፈን ዓለቱ ሥር ስንደርስ ቆሙ። መውጫው የት እንደሆነ እሳቸውም እኔም አናውቅም። «አንቺ ቅደሚ» አሉኝ።

«እኔ? ሥርዓቱስ፣ አባባ?»

«ሥርዓቱ ያደረገኝን አየሽ አይደል?»

ቀደምኩ። በሕይወቴ ከሽማግሌ ስቀድም የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጀርባዬ ላይ የጎጃም ዓይን ሁሉ ያረፈ መሰለኝ። መንገዱ ዳቦ ይዘው የሚሄዱበት ዓይነት አይደለም። በስንጥቁ በኩል በእጅም በእግርም ተይዞ ነው የሚወጣው፤ ድንጋዩ ይንሸራተታል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ተኝቼ እጄን እየዘረጋሁ ነበር የምስባቸው። ትንፋሻቸው ያፏጫል። «ይቀራል?» ይሉኛል። ቀና እላለሁ። «ይቀራል፣ አባባ። ገና ነው» እላለሁ። ልመልሳቸውም ፈለግኩ፤ ቢሞቱብኝ ምን እላለሁ? ግን አንዴም «እንመለስ» አላሉኝም፤ እኔም አላልኳቸውም።

ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስናርፍ፣ «አንቺም ታየችኝ ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«ምራት አይደለሁ እንዴ? ምራት አማቷን ውሸታም ትላለች?»

«ውሸታምስ አላልሽኝም» አሉ። «ሞራው ያደረገኝ አንሶኝ ነው አንቺ የጨመርሽበት?» ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ ሲበቃኝ «በይ ተነሺ» አሉኝና ተነሣን።

ጫፉ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ቢቆምባት ሦስተኛው ይቸገራል፤ ቆርቆሮ የሚተከልባት፣ ጠላ የሚጠጣባት አይደለችም። ያለፈባት እግር የለም ለማለት አልችልም፤ የማኅበራችን እግር ግን እንዳላለፈባት እመሰክራለሁ። አማቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞርን።

ደመና ነው። ከአባይ በረሃ በኩል የተነሣ ደመና ቆላውንም ደጋውንም ሸፍኖት፣ ከሥራችን ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ደብረ ወርቅ የለችም። ጉልላትም፣ ገበያም፣ አውቶቡስም የለም።

«ታየችሽ?» አሉኝ። ዓይናቸውን ከደመናው ላይ አላነሡም።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያቺ የድሮዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ተመልሰው የሚወጡ አይመስለኝም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ቀን ነው። «ታየችኝ» ብል ምን ነበረበት? በስንት ምሕረት የተጠቀለለች ውሸት ናት! ፊታቸውን አየሁት፤ ያ የበራ ዓይናቸው ደመናው ላይ ተተክሏል።

«አልታየችኝም፣ አባባ» አልኩ። «ደመና ነው።»

ከደረታቸው ረጅም ትንፋሽ ወጣ።

«ለኔም አልታየችኝም» አሉ። «እንግዲያስ ሁለታችንም እናያለን ማለት ነው።»

ተቀመጡ። እኔንም አስቀመጡኝ። የዚያን የሞተ ጓደኛቸውን ስም ጠሩ፤ «ይኸው መጣሁ፤ ደመናው ሲገለጥ አይልሃለሁ፤ ካልተገለጠም አልዋሽህም» አሉት። ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቷል፤ ነጠላዬን አጥብቄ ተከናነብኩ። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ደመናውን ይጠብቃሉ።

ከታች ድምፅ መጣ። ባሌ ነው፤ ጉብታው ላይ ክምሩ አጠገብ ቆሞ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጮኻል። «ደረሳችሁ ወይ?»

አማቴ ፈገግ አሉ። ያን ቀን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ። «መልሽለት እንጂ» አሉኝ።

«ምን ልበለው?»

«እኛስ እዚህ ነን። እሱ የት እንደሆነ ጠይቂው።»

ጮኼ ጠየቅኩት። ከጉብታው መልስ አልመጣም፤ ዳቦውን እየቆረሱ መሰለኝ።